ከጥያቄው በኋላ ያለው ዝምታ

ዛሬ ለእኛ ለእጩ መምህራን ህልምን ስለመከተል የተሰጠውን ንግግር ሰምቼ ልቤ ሞልቶ ነው የወጣሁት። ተናጋሪዋ ስለ ራሷ ስኬት ብዙም አላወራችም። አንድ ጥያቄ ጠየቀችንና ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። በመጨረሻ ድምጿን ሰምተን የማናውቅ ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች።

ተመራማሪዋ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳየችው ይህንኑ ነው። ብዙ አስተማሪ ጠይቆ የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገስ ግን የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ።

«ትልቅ አልም» ማለትማ ቀላል ነው። ልጁ ሀሳቡን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው ከባዱ። ጓደኞቼ፣ ለልምምድ ስንወጣ እንሞክረው። ያያችሁትን እዚሁ ጻፉልኝ።