9 ካሬ ለአንድ፣ 22 ካሬ ለሁለት

ፓሪስ፣ 12ኛው ወረዳ፣ ጋር ደ ሊዮን አጠገብ። ስድስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም። ዕቃ የተሟላላት፣ ኪራይዋ 620 ዩሮ፣ ስፋቷ «9 ካሬ»።

«ሻምብር ደ ቦን» ይሏታል። ድሮ የሀብታሞቹ ቤት ሠራተኞች ያድሩባት የነበረች፣ ጣሪያ ሥር ያለች ክፍል ናት። እኛ ሰርቪስ ጓሮ እንሠራለን፤ እነሱ ሰማይ ላይ ሰቅለውታል። ሽንት ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው፣ የጋራ። ምጣድ ይግባ ከተባለ አልጋ ላይ ነው የሚጣደው።

ግን አጓጓችኝ። የምኖረው ከፓሪስ ወጣ ብላ ባለችው ሴን ደኒ፣ ከሁለት ደባሎች ጋር ነው። እኔ የማለዳ ፈረቃ አለብኝ፣ እነሱ እስከ እኩለ ሌሊት ካርታ ይጫወታሉ። ጠዋት ደግሞ የ13 ቁጥር ሜትሮ (የከተማ ባቡር) ግፊያ አለ፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከዚህች ክፍል ሥራዬ በእግር ነው። ጓደኛዬ «ምን ታስባለህ? ያዛት እንጂ!» አለኝ።

ሜትር ሳወጣ የአከራዩ ፊት ጠቆረ። በፈረንሳይ ሕግ የሚከራይ ቤት ቢያንስ አንድ ዋና ክፍል ሊኖረው ይገባል፤ እሱም 9 ካሬ ሆኖ ከፍታው 2.20 ሜትር፣ ወይም በይዘት 20 ሜትር ኩብ መሆን አለበት። ጣሪያው ዘመም ካለ ከ1.80 ሜትር በታች ያለው ቦታ ከስፋቱ አይቆጠርም። ወደ መስኮቱ የሄድኩት አጎንብሼ ነው። ያንን ስቀንሰው 7 ካሬ እንኳ አልሞላም፣ በኩብም አይደርስም። ከ9 ካሬ በታች ለሆነ ቤት ደግሞ ካፍ የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ከፋይ መሥሪያ ቤት የኪራይ ድጎማ አይሰጥም።

ማታ አዲስ አበባ ላለችው ባለቤቴ ነገርኳት። «እኔስ ስመጣ የት ልተኛ ነው?» ብላ ሳቀች። በሥራ ፈቃድ የምንኖር ሰዎች የትዳር ጓደኛ ለማምጣት ፓሪስና ዙሪያዋ ለሁለት ሰው ቢያንስ 22 ካሬ ይጠየቃል። የስደተኛ ወረቀት ያላቸው ይህ አይመለከታቸውም። ደግነቱ ቤቱ እሷ ስትመጣ ከተገኘ በቂ ነው። ዕቃ ያለው ቤት ደግሞ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይለቀቃል። ስለዚህ እስከዚያው ትንሽ ቤት መያዝ ይቻል ነበር።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። አሁን ድርሻዬ 400 ዩሮ ነው። ልዩነቱን በየወሩ ባስቀምጥ ለዚያ 22 ካሬ መያዣ ይሆነኛል። ሕግ ለማታሟላ ክፍል ከምከፍለው ይሻላል።

ለአከራዩ ይቅርብኝ ብዬ ጻፍኩለት። ደባሎቼን ደግሞ ካርታውን ወደ ወጥ ቤት ውሰዱልኝ አልኳቸው። አንዱ እሺ ብሏል፤ ሌላው እያሰበበት ነው።