የማይጨፈን ዓይን

ማታ ማታ ግራ ዓይኔን በፕላስተር አሽጌ ነው የምተኛው። ፊቴ ከተጣመመ ሦስት ሳምንት ሆነው። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ፤ ሐኪሙ ደግሞ የፊት ነርቭ ነው አለና ኪኒንና የዓይን ጠብታ አዘዘልኝ። ለሁለቱም እሺ አልኩ። ይህን ያህል አያምም፣ ግን ዓይኔ አልጨፈን ስላለ አሸዋ የገባበት ይመስል ሲቆረቁረኝ ያድራል።

ዛሬም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ዮሐንስ ሽታይንሆፍ ሳነብ አመሸሁ። ጀርመናዊ ተዋጊ አብራሪ ነው። ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚከተለው 176 ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መትቶ ጥሏቸዋል የተባሉት አውሮፕላኖች ቁጥር። እኔን ግን ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው።

በፈረንጆቹ ኤፕሪል 18 ቀን 1945 ሙኒክ አጠገብ ካለው የሪም አየር ማረፊያ በሜሰርሽሚት 262 ጄት ሊነሳ ነበር። በቦምብ በተቦዳደሰው መሬት ላይ ሲንደረደር የአውሮፕላኑ ጎማ ከዳውና ተከሰከሰ። ነዳጁና ክንፉ ሥር የነበሩት ሮኬቶች ተቀጣጠሉ። ነፍሱ ተረፈች፣ ፊቱ ግን ተቃጠለ፣ የዓይኑ ቆብም አብሮ ሄደ። ጦርነቱ ሊያልቅ 20 ቀን ነበር የቀረው።

አንጀቴ አልተላወሰም አልልም። ቢሆንም የተዋጋው ለሂትለር ነው። በ1945 መጀመሪያ ከጓዶቹ ጋር ሆኖ የሂትለርን የአየር ኃይል አዛዥ ጎሪንግን ፊት ለፊት መጋፈጡን እንደ ጀግንነት የሚያወሩለት አሉ። እኔ እስከገባኝ ጠባቸው ስለ አውሮፕላን አጠቃቀምና ስለ ተዋጊ አብራሪዎች ክብር እንጂ በየካምፑ ስለሚያልቀው ሕዝብ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት ገደማ የሆስፒታል ቆይታ በኋላ ማስታወቂያ ሥራ ውስጥ ገባ። ምዕራብ ጀርመን አዲስ ጦር ስታቋቁም ተመልሶ ዩኒፎርም ለበሰ፤ በ1966 የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ። ጊዜው ስታርፋይተር የሚባለው ጄት በላይ በላዩ የሚወድቅበት ነበር። ጀርመን ከገዛቻቸው 916ቱ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉት በጠቅላላው ጠፍተዋል፣ ከ100 በላይ አብራሪዎችም ሞተዋል። እሱ ሥልጠናውን አጠበቀ፣ ተስፈንጥሮ መውጫውን መቀመጫም አስቀየረ። ኋላም ከ1971 እስከ 1974 የናቶ ወታደራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር።

የአዛዥነቱን የመጀመሪያ ዓመታት ሳስብ ያ ሁሉ የአደጋ ሪፖርት የተነበበው በማይጨፈን ዓይን መሆኑ ትዝ ይለኛል። በ1969 ነው አንድ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ከክንዱ ቆዳ ወስዶ አዲስ የዓይን ቆብ የሠራለት። እስከዚያ ድረስ 24 ዓመት! እንዴት ይተኛ እንደነበር ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ የጻፈ አላገኘሁም። ጨርቅ ጣል ያደርግ ይሆን?

የእኔ ፕላስተር ጠርዙ ተላቋል። ሌላ ልቁረጥ።