«ድምፃቸውን አሰማኝ»

አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከአደባባዩ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነን። ጠዋት ተማሪ ይበዛል፤ ከሰዓት ደግሞ ጉዳይ ያለበት ሰው። አሁን አሁን ግን ዋናው ሥራችን የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ማተም ሆኗል። ሰው ፋይሉን በቴሌግራም ይልክልናል፣ አትመን ላሚኔት እናደርግለታለን፣ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አሠራር ሁለት ጊዜ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ሰኞ ነው። ሰኞ ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል። እማማ ተራቸው ደርሶ ፊቴ ቆሙ። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ሲሞቱ ከጡረታቸው 50 በመቶው ለሚስት ይከፈላል፤ የሚኖሩት በዚያች ነው። «ገንዘቡ እንዳይቋረጥ ከፋይዳ ጋር ይያያዝ ተብያለሁ» አሉኝ። ከመቀነታቸው አንድ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ባለ 12 አሃዙ ቁጥራቸው በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ከሥሩ አንድ ስልክ ቁጥር አለ።

ቁጥሩን አስገባሁ። ኮድ ተልኳል አለኝ።

«እማማ፣ ስልክዎን ያውጡት፤ አሁን ኮድ ይገባልዎታል።»

«ኧረ እኔ ስልክ የለኝም ልጄ።»

የተላከበት ስልክ ስክሪኑ ላይ በኮከብ ተሸፍኗል፤ የሚታዩት የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ካለው ስልክ ጋር አንድ ሆኑ። የማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሲመዘገቡ የሚኖሩት ዶሮ ማነቂያ ነበር። ስልክ አምጡ ሲባሉ የደባላቸውን ሰጡ። ከዚያ በ2016 ሰፈሩ ፈረሰ። እሳቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ደባላቸው ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ ወረደ።

የአሥር ጣታቸው አሻራ፣ የሁለት ዓይናቸውና የፊታቸው ምስል የተወሰደው ከራሳቸው ነው። ኮዱ ግን የሚገባው ሐዋሳ፣ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

በራሴ ስልክ ደወልኩለት።

«ከአራት ኪሎ ነው የምደውለው። በእማማ ፋይዳ ጉዳይ ነው። አሁን ኮድ ገብቶልሃል አይደል? ንገረኝ።»

ዝም አለ። ከኋላው የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል።

«ማን ልበል?»

ነገርኩት። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፣ እማማ አጠገቤ ቆመዋል፣ ሰልፍ አለብኝ አልኩት።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ለአንተ አልነግርህም። ድምፃቸውን አሰማኝ።»

ተናደድኩ። አንድ ተማሪ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ ያንኳኳል። ከኋላው ያለችው ሴትዮ ሰዓቷን ታያለች። «ሌባ መሰልኩህ እንዴ?» አልኩት።

«ሌባ ነህ አላልኩም። አላውቅህም ነው ያልኩት።»

ስልኩን ለእማማ ሰጠኋቸው። ሰላምታው አላልቅ አለ። ጤናው፣ እናቱ፣ የሐዋሳ ሙቀት፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ። እኔ ኮዱ ሊያልፍበት ነው እያልኩ ስክሪኑን አያለሁ። ከዚያ እማማ ሳቅ አሉ። «ምች ሲመታህማ ዳማ ከሴ ነዋ! አፍንጫህን ይዤ አይደል የማጠጣህ!»

ለካ እየፈተናቸው ነው። ድምፃቸውን ሰምቶም አልበቃውም፤ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን ነገር ጠየቃቸው።

እስከዚያ ኮዱ ጊዜው አለፈ። ሁለተኛ አስላክሁ። አሁን ነገራቸው። እማማም ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብለው፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ ደገሙልኝ። ጉዳያቸው አለቀ። ፋይሉንም አውርጄ አተምኩላቸው፣ ላሚኔት አደረግሁላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

«አላውቅህም» ያለኝ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ማታ ሰው ሲቀል ቴሌግራም የሚያወርድበትን ፎልደር ከፈትኩ። ከ400 በላይ ፋይል አለ። ፎቶ፣ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ ቁጥር። የአንዳንዱን ፊት አስታውሳለሁ፤ የብዙዎቹን አላውቅም። ኮምፒውተሩ ላይ ማንም ፍላሽ የያዘ ሰው ይቀመጣል። የይለፍ ቃሉ ከ1 እስከ 6 ነው። እሱም ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል።

ቁጥሩ ብቻውን ምንም አያደርግም የሚል ሰው አለ። ልክ ነው፣ ኮዱ ያስፈልጋል። ግን አንድ ሰው ደውሎ ሙሉ ስምህን ቢጠራ፣ የተወለድክበትን ቀን ቢነግርህ፣ ቁጥርህን ቢያነብልህ፣ ከዚያ «ከመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አሁን የገባልህን ኮድ ንገረኝ» ቢልህ አትሰጠውም? ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የውጭ ሰው አይመስልም። ማታ ተቀምጬ ሳስበው፣ ያን ቀን ሐዋሳ የደወልኩት ልክ እንደዚያ አድርጌ ነው። የማላውቀው ሰው ላይ ደውዬ፣ ስም ጠርቼ፣ ኮድ አምጣ አልኩ። አጣደፍኩት። ሲከለክለኝ ተቆጣሁ። አጭበርባሪ ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?

በነጋታው ለቤቱ ባለቤት ነገርኩት። ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ደሞዜን አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም። ነገር ግን ፎልደሩን ላጥፋው ስለው ፊቱ ተለዋወጠ።

«የደንበኛ ፋይል ነው እኮ። ሰው ይጥላል። ተመልሶ ሲመጣ በአንድ ደቂቃ እናትምለታለን። ሌላው ቤት ይህን አያደርግም።»

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ መውጣቱን ነገርኩት፤ 1321/2016። የሰው መረጃ የተወሰደበት ሥራ ካለቀ በኋላ ዝም ብሎ አይቀመጥም አልኩት።

«እሱ ለባንክና ለቴሌ ነው። እኛ ፎቶ ኮፒ ነን።»

«ሰውየው እኮ ያው ሰው ነው» አልኩት። «ባንክ ያለውም መረጃ፣ እኛ ጋ ያለውም የእሱ ነው።»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ «እንደፈለግህ፤ ደንበኛ ሲያማርር ግን አንተ ትመልሳለህ» ብሎኝ ወጣ። አጠፋሁት። ከሪሳይክል ቢንም አጠፋሁ። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ የተለጠፈችውንም ወረቀት ቀደድኩ። ከዚያ ወዲህ ፋይዳ ካተምኩ ፋይሉን ደንበኛው እያየ አጠፋለሁ። ኮድ የሚነግረኝን ሰው ደግሞ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ወይ ራስህ ጻፈው እለዋለሁ። አንዳንዱ ይገርመዋል። አንዳንዱ «ምን ይደረጋል ታዲያ፣ ሁሉም ጋ አለ» ይለኛል። ይሄኛው መልስ ያበሳጨኛል።

በሦስተኛው ሳምንት እማማ ተመለሱ። ወረቀታቸው የለም። ታክሲ ውስጥ ይሁን ቤት አላወቁም።

«ያን አንተ ጋ ያለውን አትምልኝ» አሉኝ።

«አጠፋሁት እማማ።»

«ምነው?»

እንዴት እንደማስረዳቸው ጠፋኝ። ሌላ ሰው እንዳያገኘው ብዬ ነው አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ።

«አደራ ያስቀመጥኩ መስሎኝ» አሉ።

ሐዋሳ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። እማማ የማሽኑ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዘረጉ። ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ልስልስ ብለዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ጥጥ ፈትለዋል። ሲመዘገቡም ማሽኑ አሻራቸውን እንቢ ብሎ ደጋግመው አስነክተዋቸው ነበር። «በዓይኔ ነው ያለፍኩት» አሉኝ።

መፍትሔው አንድ ነው አልኳቸው። በስምዎ ሲም ይውጣ፤ ከዚያ ምዝገባ ጣቢያ በአካል ሄደን የደባልዎ ቁጥር በእርስዎ ይቀየራል። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ።

አሰቡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እሺ፣ ስልኩንስ ልግዛ። ዓይኔ ፊደል አይለይም። ኮዱ ሲመጣ ማን ያነብልኛል?»

እኔ ልበል ብዬ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እሳቸው ቀጠሉ። ከታች ፎቅ አንዲት የጎረቤት ልጅ አለች፣ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቡና ታፈላላቸዋለች። «እሷን አምናታለሁ» አሉኝ።

ስሟን አልጠየቅኳቸውም።