ሐይቅ መሃል የሚደክም ሞተር

ጭራሽ አልነሳ ያለ የጀልባ ሞተር ቢያናድድም በሽታውን አይደብቅም። አስቸጋሪው ጣና ሐይቅ ላይ ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ዘጌ ግማሽ መንገድ ያህል በደንብ ከሄደ በኋላ በድንገት ጉልበቱ የሚወርድ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ሲቀነስለት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እንደገና የሚፈጥን ሞተር ነው። እንዲህ ያለው ብልሽት ጋራዥ ሲደርስ ይጠፋል። በርሜል ውሃ ውስጥ ሲያስነሱት ድምፁ ያማረ ነው፤ መካኒኩ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ይቀይራል፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ያጥባል፣ ሂሳቡን ይቀበላል፤ በማግሥቱ ሞተሩ እዚያው መንገድ ላይ ይደክማል። መጣ ሄደ የሚል ብልሽት የሚመረመረው በሚታይበት ሰዓት፣ እዚያው ውሃው ላይ ነው ብዬ በጽኑ የማምነው ለዚህ ነው።

ብልሽቱ በርሜል ውስጥ የማይታየው ጭነት ስለሌለ ነው። ባለ ሁለት ምት (ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠልበት)፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ሰው የሞላበትን ጀልባ ሲገፋ በሰዓት ከ15 ሊትር በላይ ቤንዚን ይፈጃል፤ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ፣ ሲሠራ ግን የዚያ ጥቂቱ ይበቃዋል። ስለዚህ በከፊል የተደፈነ ቱቦ ለሚኒሞ የሚበቃ ነዳጅ እያሳለፈ ለሙሉ ፍጥነት ግን ሊያንስ ይችላል። ካርቡሬተሩ ያጠራቀመው ቤንዚን እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ይሄዳል፤ ሲያልቅ ይደክማል፤ ፍጥነት ሲቀነስ ካርቡሬተሩ መልሶ ይሞላና ሞተሩ የዳነ ይመስላል።

ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ ድካም አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ በመሆኑ፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚያጣ ሲታሰብ፣ አርባ የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ ከሠላሳ ሦስት ብዙም አይበልጥም። አየሩ ስለሚሳሳ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል። ይህ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የማይለወጥ ድካም ነው። አንዴ ደህና አንዴ ደካማ የሚሆን ሞተር በከፍታ አይሳበብም።

ብልሽቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የደከመው ሞተሩ ነው ወይስ የጀልባው ግፊት ብቻ የሚለው ነው። ጀልባው ፍጥነት እየቀነሰ የሞተሩ ድምፅ ግን ከፍ ካለ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ታች ነው። ውሃውን እየገፋ ጀልባውን የሚያስኬደው ፕሮፔለር መሃል ያለው የጎማ ቡሽ ከተላቀቀ፣ ጭነት ሲበዛበት ይንሸራተታል፤ ነዳጅ ሲቀነስ ደግሞ ይይዛል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የሚሄድ ነጂ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ሥርና ቅጠልንም አብሮ መጠርጠር አለበት፤ አረም የተጠመጠመበት ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይከብደዋል፣ ጀልባውም ይንቀጠቀጣል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውሃው ቀና አድርጎ ማየት ይበቃል።

ድምፁም አብሮ ከወረደ ቀጥሎ የሚታየው አወራረዱ ነው። እየተንገዳገደ፣ እየተነፈሰ ቀስ በቀስ የሚወርድ ሞተር ብዙ ጊዜ ነዳጅ ያነሰው ነው። እንደ መብራት ማጥፊያ በአንድ ጊዜ የሚቆረጥ ከሆነ የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ ነጂው እጁ ላይ የሚያስረው የማጥፊያ ገመድ የሚሰካበት ቦታ ዝጎ ወይም ከማጥፊያው የሚወጣው ሽቦ ተልጦ ብረት እየነካ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲግል ብቻ አንዱ ሲሊንደር የሚሞት ከሆነ ደግሞ ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ይጠረጠራል፤ ወዲያው አጥፍቶ ካንዴላዎቹን ሲፈቱ የሞተው ሲሊንደር ካንዴላ ብዙውን ጊዜ በቤንዚን እንደራሰ ይገኛል። ከሞተሩ ጎን የሚተፋው የማቀዝቀዣ ውሃ ከቀጠነም ጉዞ አይቀጠልም፤ በክረምት ደለል የሚመጣበት ውሃ የውሃ ፓምፑን ጎማ ቶሎ ይበላል።

አሁን ወደ ነዳጁ ልመለስ፤ ብዙው ችግር ያለው እዚህ ነውና። በታንኩና በሞተሩ መካከል፣ ቱቦው ላይ፣ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ኳስ አለ። ብዙ ነጂዎች የሚነኩት ጠዋት ሞተር ለማስነሳት ብቻ ነው፤ እንደ እኔ ግን ጀልባ ላይ ካለ መመርመሪያ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ሞተሩ መድከም ሲጀምር አንድ ሰው መሪውን ሳይለቅ ሌላው ኳሱን ደጋግሞ ይጨምቀው። ሞተሩ ወዲያው ከበረታ ነዳጅ እየደረሰው አልነበረም ማለት ነው። ቀጥሎ የኳሱ ሁኔታ ይዳሰሳል። ተመጥጦ ጠፍጣፋ ከሆነ መደፈኑ ከኳሱ ወደ ታንኩ በኩል ነው። ሲጨመቅ ልስልስ ብሎ አልጠና ካለ አየር የሚያስገባ ቦታ፣ ለምሳሌ የላላ ማሰሪያ፣ አለ። ጠንካራ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ከደከመ ደግሞ ችግሩ ከኳሱ ወዲያ፣ ፊልትሮው ወይም ካርቡሬተሩ ውስጥ ይፈለጋል፤ ኳሱ ሲጨመቅ ብቻ የሚበረታ ሞተር የራሱ የነዳጅ ፓምፕ የደከመበትም ሊሆን ይችላል።

አብሬያቸው ከምሠራ ሰዎች የአንዱ ጀልባ ላይ ያየነው የመጀመሪያውን ዓይነት ነበር። ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ጥቂት እንደሄደ ይደክማል፤ ኳሱን ስንይዘው ተመጥጦ ሁለቱ ግድግዳዎች ተጣብቀዋል። በዚህ ጊዜ ቀዳሚው ተጠርጣሪ የታንኩ ክዳን ላይ ያለው አየር ማስገቢያ ነው፤ እርሱ ከተዘጋ ቤንዚኑ ሲወጣ የሚተካው አየር ስለማይገባ ታንኩ ነዳጁን መልሶ ይስባል። ማስገቢያውን ከፈትን፤ ለውጥ የለም። ክዳኑን ራሱን አላላን፤ አሁንም የለም። ከሌላ ጀልባ ደህና ታንክ ተውሰን በዚያው ቱቦ ብንሄድ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ደከመ፤ ታንኩ ነጻ ወጣ። ከዚያ ቱቦውን ብቻ ቀየርንና ደጋግመን ብንሮጥ ድካሙ አልተመለሰም። እንዲህ አንድ በአንድ ካልተቀየረ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ከተለወጠ፣ ሞተሩ ቢድን እንኳ ያዳነው ነገር ሳይታወቅ ይቀራል።

አሮጌውን ቱቦ በርዝመቱ ሰነጠቅነው። ውጪው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አንዲት ስንጥቅ የሌለበት ነበር። ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ግን ከኳሱ በታንኩ በኩል ካለው መያዣ አጠገብ ተላቆ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ፓምፑ በኃይል ሲስብ ይህች ምላስ ትጎተትና መንገዱን ትዘጋለች፤ ስበቱ ሲቀንስ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። በአፍ ቢነፉት ያስተላልፋል፤ በዓይን ቢያዩት ጤነኛ ነው። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ለእርሱ ያልተሠራን ቱቦ ውስጡን ያበላሻል፤ ለውሃ የተሠራ የፕላስቲክ ቱቦ በነዳጅ ቱቦ ቦታ ማሰር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በሁለት ምት ሞተር ላይ የነዳጅ ማነስ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ፣ ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፤ የቤንዚንና የአየር ድብልቁም ቤንዚን አንሶት ሲሳሳ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ይግላል። ሞተሩ እየደከመ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መግፋት ፒስተን ያስበላል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ሰው ጭኖ መሃል ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ነጂ ደግሞ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። ሙከራው ራሱ በጠዋት፣ ያለ ተሳፋሪ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ተለብሶ፣ መቅዘፊያ ተይዞና ከዳርቻው ሳይራቅ ይደረግ፤ የታንኩ ክዳን ሲከፈትም አጠገቡ ሲጋራ አይኑር።

ቱቦው ከተቀየረ በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል። ሞተሩ በቀጭን ድብልቅ ለስንት ጊዜ እንደሠራ ስለማይታወቅ የሁለቱም ሲሊንደሮች የመጭመቅ ኃይል በመለኪያ ይታይ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ጥሩ ነው፤ አንዱ ጎልቶ ካነሰ ግን ጀልባው ሰው ሳይጭን ፒስተኑና ቀለበቶቹ ተፈትተው መታየት አለባቸው።