ባቡር ያልገባባት ከተማና ታካ አየር መንገድ፦ ታሪኩን እንዴት እንዳሰባሰብኩ

ላለፉት አራት ዓመታት ከሥራ የሚተርፈኝን ጊዜ አብዛኛውን የሰጠሁት ዛሬ በስሙ የማይበር አንድ የመካከለኛው አሜሪካ አየር መንገድ፣ የታካን ታሪክ ለማሰባሰብ ነው። ነገሩ የተጀመረው ዋሽንግተን አካባቢ በምሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። በዚህ አካባቢ እኛ ኢትዮጵያውያንና የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ጎን ለጎን እንኖራለን፤ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ የዚያ አገር አዛውንትም ከአገራቸው የወጡት በታካ አውሮፕላን ነበር። መንገደኛው ሁሉ ለዘመዱ የተጠበሰ ዶሮ በካርቶን ይዞ ስለሚሳፈር አውሮፕላኑ ዶሮ ዶሮ ይሸት እንደነበረ ሲያጫውቱኝ፣ በርበሬና ሽሮ በሻንጣ ጠቅጥቀን የምንመጣውን እኛን አስታወሱኝ። ከዚያ በኋላ፣ «ልጄ፣ አንድ ዓይና ካፒቴናችን ሁለቱም ሞተር የጠፋበትን አውሮፕላን ሣር ላይ አሳርፎታል» አሉኝ።

ወሬውን ለማጣራት ብዬ የከፈትኩት ደብተር ነው ወደዚህ ሁሉ የወሰደኝ። በደብተሩ ላይ አምስት ዓምዶች አሰመርኩ፦ ቀን፣ ቦታ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ የጫነው ነገርና ያገኘሁበት ምንጭ። የድሮ የበረራ ሰሌዳዎችን፣ የጋዜጣ ቁርጥራጮችን፣ ከኋላቸው ጽሑፍ ያለባቸውን ፎቶግራፎችና የአደጋ ምርመራ ዘገባዎችን እያነበብኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ በየዓምዱ አሰፍር ጀመር። አራተኛውን ዓምድ የጨመርኩት ቦታ ስለተረፈኝ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ታሪኩን የገለጠልኝ እሱ ሆነ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ከአገሩ ስም የመጣ ነው። ታካን ሁሉም የሚያውቀው የኤል ሳልቫዶር አየር መንገድ አድርጎ ስለሆነ፣ እኔም ከሳን ሳልቫዶር ጀምሬ ወደ ኋላ ስቆፍር ወራት አለፉ፤ የ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገጾቼም ባዶ እንደሆኑ ቀሩ። ኩባንያው የተመሠረተው በ1931 እ.ኤ.አ. ሆንዱራስ ውስጥ፣ በቴጉሲጋልፓ ነው፤ መሥራቹም ሎዌል ዬሬክስ የተባለ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል የተዋጋ የኒውዚላንድ ተወላጅ ነበር። በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወደ ኤል ሳልቫዶር ሲዛወር የሆንዱራሱ ዘመን ከሰዎች ወሬ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድን ድርጅት ማጥናት ስጀምር፣ በመጨረሻ ሲሞት የነበረበትን አገር እንደ ትውልድ አገሩ አልቆጥርም።

ቴጉሲጋልፓ ባቡር ገብቶባት የማያውቅ ዋና ከተማ ናት። በሆንዱራስ ሰሜናዊ ጠረፍ የነበረው የባቡር ሐዲድ የሙዝ እርሻን ከወደብ ለማገናኘት የተዘረጋ ስለነበር፣ በተራሮች መካከል ወዳለችው ዋና ከተማ የሚደርሰው ዕቃ የሚጓዘው በበቅሎና በአስቸጋሪ መንገድ ነበር። ዬሬክስ በአንዲት ስቲንሰን አውሮፕላን ሥራ ሲጀምር የተረዳው ይህንን ነው፤ ሌሎች አየር መንገዶች ስለ መንገደኛ ምቾት ሲያስቡ እሱ ሰውንና ጭነትን አብሮ መጫን ያዘ። የአሜሪካ አየር መንገዶች ወደ አዳዲሶቹ የቦይንግና የዳግላስ አውሮፕላኖች ሲሸጋገሩ የጣሏቸውን ባለሦስት ሞተር ፎርዶች ገዝቶ፣ የማዕድን ማውጫ መሣሪያ እየተፈታታ እንዲጫንባቸው አደረገ። በደብተሬ አራተኛ ዓምድ ውስጥ ማሽን፣ ነዳጅና ፖስታ እየተደጋገሙ ሲመጡ፣ ይህ ኩባንያ መንገድ ለሌለው አገር የመንገድን ሥራ ይሠራ እንደነበረ ገባኝ። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚረዳን ነገር ነው፤ በበቅሎ የቀናት መንገድ የሆነውን ገደል አውሮፕላን በደቂቃዎች ሲያልፈው ያዩ አባቶች አሉንና።

ስለ ጭነት ካነሳሁ፣ ጓቴማላ ውስጥ ከፔቴን ጫካ ይወጣ ስለነበረው «ቺክሌ» ልናገር። የስፓኒሽ ችሎታዬ ገና ጀማሪ ስለነበረ ቃሉን በትርጉም ማሽን አስገብቼ «ማስቲካ» የሚል አገኘሁ፤ ወረቀት የተጠቀለለ ማስቲካ ከጫካ ወደ ከተማ የሚጫንበት ምክንያት ግን አልገባ አለኝ። አዛውንቱን ስጠይቃቸው ሳቁና ዛፉ በስለት ተበጥቶ የሚፈሰው ነጭ ፈሳሽ ተፈልቶ እንደ ጡብ እንደሚረጋ፣ ያም ጡብ የማስቲካ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ እንደሆነ አስረዱኝ። ሙጫ ቆራጮቹ ያን ጡብ በበቅሎ ጭነው በጫካው መካከል ወደተመነጠረ ሜዳ ያደርሱታል፤ ከዚያ አውሮፕላን ይወስደዋል። መዝገበ ቃላት የማይመልሰውን የሙያ ቃል በቦታው የኖረን ሰው መጠየቅ እንዳለብኝ ያን ቀን ተማርኩ።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ግን የአንድ ዓይናው ካፒቴን ጉዳይ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. በሆንዱራስ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ዬሬክስ በመንግሥት በኩል ሲበር ተተኩሶበት አንድ ዓይኑን አጣ፤ መንግሥቱ ካሸነፈ በኋላም ኩባንያው የፖስታ ውል አገኘ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ አዛውንቱ የነገሩኝ ወሬ የመሥራቹ ታሪክ ከጊዜ ብዛት ተቀይጦ እንደሆነ ደመደምኩ፤ «አፈ ታሪክ» ብዬም ሰረዝኩት። ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የአደጋ ምርመራ ዘገባዎችን ስመረምር እውነቱን አገኘሁት። ግንቦት 24 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ከቤሊዝ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይበር የነበረ የታካ ቦይንግ 737 ከባድ ዝናብና በረዶ ውስጥ ገብቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉ። ካፒቴን ካርሎስ ዳርዳኖ ውኃ ላይ ለማሳረፍ ካሰበ በኋላ የጎርፍ መከላከያ የአፈር ግድብ አይቶ፣ አጠገቡ ባለው ሣር ላይ አሳረፈው፤ በውስጡ የነበሩት 45 ሰዎች ሁሉ ተረፉ። ዳርዳኖም በኤል ሳልቫዶር የእርስ በርስ ጦርነት በተኩስ መካከል አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ነበር።

ሁለቱም አብራሪዎች አንድ ዓይና መሆናቸው እውነት እያለ፣ እኔ ግን ነገሩ ከልክ በላይ ስለገጠመ ብቻ የአንዱን ታሪክ ለሌላው አልብሼ የአንድን ሰው ምስክርነት ሰርዤ ነበር። አዛውንቱን ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸው ስለ ስረዛው እንኳ አያውቁም ነበር። ዘገባውን ካገኘሁት በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት፦ አውሮፕላኑ ሲወርድ ሞተሮቹ በዝቅተኛ ኃይል ላይ ስለነበሩ የገባባቸውን ውኃ መቋቋም አልቻሉም። አምራቹ የሞተሩን ፊት ሾጣጣ ቅርጽ ለውጦ፣ ውኃና በረዶ ወደ ውጪ የሚወረወርበትን መንገድ አሻሻለ። አውሮፕላኑ ራሱ አንድ ሞተሩ ተቀይሮለት እዚያው አጠገብ ካለ መንገድ ተነስቶ በረረ። ሰው ሁሉ ስለ ማረፉ ያወራል፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ በዚህ ዓይነት ሞተር የተሳፈረ ሁሉ የዚያች ሣር ባለዕዳ ነው እላለሁ።

አንድ ሌላ ስሕተት ከእኛው የዘመን አቆጣጠር መጣ። ከኢትዮጵያ አየር መንገድ መመሥረት ጋር የሚያያዝ ማስታወሻ ላይ «1938፣ ቲደብሊውኤ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አቆጣጠሩን ግን አላመለከትኩም። ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በታካ ውስጥ ድርሻ የያዘው በ1943 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ኢትዮጵያ ከታካ አምስት ዓመት ቀድማ ከዚያ ኩባንያ ጋር የተዋዋለች መስሎኝ ብዙ ገጽ ጻፍኩ። እውነቱ ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቲደብሊውኤ አጋርነት የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያውን የካይሮ በረራ ያደረገውም በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ 1945 እና 1946 መሆኑ ነው። ታካ ይቀድማል። ያን ሁሉ ገጽ ቀድጄ፣ ዛሬ እያንዳንዱ ቀን አጠገብ አቆጣጠሩን ሳልጽፍ ወደሚቀጥለው መስመር አልሄድም።

ታካ የሚለው ስም አንድ ኩባንያ ብቻ እንዳልነበረም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዬሬክስ በየአገሩ የታካ ቅርንጫፍ ኩባንያ አቋቁሞ ስለነበር የሆንዱራሱን፣ የኒካራጓውንና የሌሎቹን መዝገብ በየራሱ ገጽ መለየት ነበረብኝ። ጓቴማላ ውስጥ በአሜሪካው አየር መንገድ በፓን አሜሪካን የተደገፈው ኤሮቪያስ ደ ጓቴማላ ታካን ከቦታው አስለቀቀው፤ የዚያ ወራሽ የሆነው የጓቴማላ አየር መንገድ አቪያቴካ ደግሞ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በታካ ቡድን ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

የመጨረሻው ጥያቄ የሞተበትን ቀን መወሰን ነበር። ከኮሎምቢያው አቪያንካ ጋር የመዋሐዱ ስምምነት በ2009 እ.ኤ.አ. ተገልጿል፤ ውሕደቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ተፈጽሟል፤ ስሙም በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላኖቹ ላይ ወርዷል። እኔ በደብተሬ 2013ን ጻፍኩ። ጥቂት ቆይቶ ግን በዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የአብራሪዎችን የሬዲዮ ንግግር በማዳመጫ ስከታተል፣ ከኤል ሳልቫዶር የሚመጣው አውሮፕላን አቪያንካ የሚል ጽሑፍ ይዞ ሳለ አብራሪው ራሱን የጠራው «ታካ» ብሎ ነበር። የሬዲዮ መጠሪያው አልተቀየረም። በማግስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው፤ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው የበረራውን ቁጥር እንድደግምላቸው ጠየቁኝ።