የብርድ ቃላት በዕብራይስጥ፣ ከደሴ

የዕብራይስጥ ልምምዴ ብርድ ላይ ደርሷል። ደሴ ለሚኖር ሰው የሚመች ርዕስ ነው፤ ጠዋት ከቤት ስወጣ የምለማመደው ሁሉ ደጅ አለ።

መጀመሪያ የያዝኩት «ካር ሊ» ነው፣ በረደኝ ማለት። «አኒ ካር» (እኔ ቀዝቃዛ ነኝ) አይባልም፤ እሱ ስለ ጠባይ ማውራት ይሆናል። ይሄ ለእኛ ቀላል ነው፤ እኛም «በረድኩ» አንልም። ወንዱን «ካር ሌኻ?»፣ ሴቷን «ካር ላኽ?» ትላላችሁ፤ በረደህ? በረደሽ? እንደምንለው። ስለዚህ «ካር»ን ለብቻው አትሸምድዱ። ከነሰዎቹ ያዙት፦ ካር ሊ፣ ካር ሎ (በረደው)፣ ካር ላ (በረዳት)፣ ካር ላኑ (በረደን)።

ጥንቃቄ የሚፈልገው በረዶ ነው። እኛ በአንድ ስም የምንጠራውን እነሱ ይከፋፍሉታል። ከዝናብ ጋር ጠጠር ሆኖ የሚወርደው «ባራድ»፣ እንደ ጥጥ የሚዘንበው «ሼሌግ»፣ የረጋው ውሃ «ኬራኽ» ነው። ውርጭ ደግሞ «ክፎር»። የደላንታና የወረኢሉ ገበሬ ባቄላውን ያቃጠለበትን ውርጭ በደንብ ስለሚያውቀው፣ እኔም ክፎርን በዚያ አሰብኩትና ተያዘልኝ።

ሌሎቹንም ከቦታ ጋር ነው የማያይዛቸው። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲተኛ «አራፌል» እላለሁ። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ መንገዱ ራሱ ያስጠናኛል፤ ከተማዋ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ደሴ ላይ «ካር»፣ መንገድ ላይ «ካሪር» (ቀዝቀዝ ያለ)፣ ኮምቦልቻ «ኻም ሊ»፣ ሞቀኝ!

«ኾሬፍ»ን ክረምት ብላችሁ ስትተረጉሙ ወሩን አስቡ። የእኛ ክረምት ከሰኔ ነው፤ የእስራኤል ዝናብ ግን በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይዘንባል፣ በጋው ደረቅ ነው። እኛ በታኅሣሥ በደረቅ ብርድ ስንንቀጠቀጥ እነሱ «ዮሬድ ጌሼም» ይላሉ፤ ዝናብ እየወረደ ነው። ሼሌግ በየዓመቱ የሚታየው ሄርሞን ተራራ ላይ ነው። ኢየሩሳሌም አልፎ አልፎ ያገኛታል፤ በዲሴምበር 2013 እ.ኤ.አ. የጣለው መንገድ ዘግቶ ነበር።

ልብሱ ቶሎ ያልቃል፦ ካፖርት «ሜኢል»፣ ጓንት «ክፋፎት»፣ ብርድ ልብስ «ስሚኻ»። ጋቢን ጋቢ ብዬዋለሁ።

አሁን ዲግሪ ላይ ነኝ። «ካማ ማዓሎት ባኹጽ?» ውጭ ስንት ዲግሪ ነው? ወልዲያ፣ ሐይቅና መካነ ሰላም ያላችሁ ልጆች፣ ጠዋት ጠዋት መልሱን በድምፅ ላኩልኝ፤ ቁጥሮቹንም አብረን እንለማመድ።