ጋኑ መቼ ተከፈተ? የደብረ ብርሃን ጠላ ቤቶችን የዞርኩበት ሁለት ዓመት

ደብረ ብርሃን የሄድኩት ለሥራ ነው፤ መስከረም 2010 ዓ.ም.። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፣ ብርዷ ግን የሌላ አገር ነው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ኅዳር ሲገባ ጠዋት ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ይተኛል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ በየውስጥ ለውስጡ መንገድ እየገባ ይጠፋል። የት እንደሚገባ ማወቅ ፈለግኩ።

መጀመሪያ የያዝኩት የአዲስ መጤ መንገድ ነበር። አስፋልት ዳር ያሉትን ግሮሰሪዎች አንድ በአንድ አዳረስኩ። ሐበሻ ቢራ የሚጠመቀው እዚሁ ነው፣ ዳሸንም እዚህ ፋብሪካ አለው፤ ስለዚህ ጥሩ ድራፍት አይጠፋም። ግን ያው ጃምቦ አዳማም ሐዋሳም ይገኛል። ስለ ግሮሰሪዎቹ ደብተሬ ላይ የሰፈረው ከሁለት ገጽ አይበልጥም።

አንድ ቀን የከተማው ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ «አንተ እኮ ደብረ ብርሃንን ገና አልቀመስካትም» አለኝና ይዞኝ ሄደ። ቤቱ ማስታወቂያ የለውም። አጥሩ ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቷል፤ ምልክቱ እሱ ብቻ ነው። ውስጥ በግድግዳው ዙሪያ መደብ አለ፣ መሐል ላይ ከሰል ተቀጣጥሏል። በርኖስ የለበሱ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ባለቤቷ ጠላውን ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችው። ከዚያ አሹቅ በሳህን አስቀመጠችልን። የዚያን ምሽት ደብተር ለመግዛት ወሰንኩ።

አሠራሬ ቀላል ነበር። በየገጹ አንድ ቤት፤ ለጠላው፣ ለንጽህናው፣ ለመቀመጫው፣ ለሙቀቱና ለዋጋው ከአሥር ነጥብ። ዓላማዬ ለአዲስ ሠራተኞች የት እንደሚሄዱ መጠቆም ነበር። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ሦስት ወር ሙሉ አስፋልት ዳር እንዳይቀር ብዬ ነው።

ስህተቴ የመጣው አራተኛው ወር ላይ ነው። አንድ ቤት ገባሁ። ጠላው ኮምጥጧል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ሦስት ነጥብ ሰጠሁት። መሥሪያ ቤት ውስጥም «እዚያ እንዳትሄዱ» ብዬ ተናገርኩ። ሰው ሰማኝ፣ መሄዱንም ተወ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቤት ተቀምጬ ይህንኑ ሳወራ አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት አቋረጡኝ። «ጋኑ በተከፈተ በስንተኛው ቀን ነው የጠጣኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ነገ አዲስ ትከፍታለች፣ አብረን እንሄዳለን» አሉ። ሄድን። እስከዚያ ቀን ከቀመስኳቸው ጠላዎች ሁሉ የሚበልጠውን የጠጣሁት እዚያው ቤት ነው። ደንገዝ ያለ ቀለም፣ ለስለስ ያለ የወይራ ጭስ፣ መጨረሻ ላይ የጌሾ ምሬት።

ለሴትዮዋ እውነቱን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ያን ቀን የደረሰህ ከአተላው በላይ ያለው ነው። እኔ ብኖር አልቀዳልህም ነበር። ቤት የነበረችው ልጅ ናት» አለች። ቀጥላም «የእናንተ መሥሪያ ቤት ልጆች ለምን ቀሩ ስል ከርሜያለሁ» አለችኝ። ያ እስካሁን ያመኛል። አራት ልጆች የምታሳድገው በዚያ ጋን ነው። በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ገብቼ ያልኩትን አነሳሁ፣ ቅዳሜም ስድስት ሆነን ሄድን።

ከዚያ በኋላ የጠላን ሥራ ከሥሩ እንድታስረዳኝ ለመንኳት። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው፣ ቅጠሉም እንጨቱም፣ ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል። ከቀናት በኋላ ብቅልና ተቆራርሶ የሚገባ ቂጣ ይጨመራል። ቀጥሎ የተቆላው ገብስ፣ አሻሮው፣ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ቀለሙን የሚያጠቁረው የገብሱ መቆላት ነው፤ ጠቆር ያለ ጠላ ቆሻሻ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶበት ይከደናል። ሲከፈት ትኩስ ነው። አየር ባገኘ ቁጥር ወደ ኮምጣጤነት ይጓዛል። ቢራ ፋብሪካ ሁሉንም ጠርሙስ አንድ ዓይነት ያደርጋል፤ ጋን ግን እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። እኔ ደግሞ ጋኑን በጠርሙስ ሚዛን ስመዝን ከርሜ ነበር።

ስለዚህ አሠራሬን ቀየርኩ። በአንድ ጉብኝት ነጥብ መስጠት አቆምኩ። እያንዳንዱን ቤት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን፤ አንዱ ጉብኝት የግድ አዲስ ጋን በተከፈተበት። ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ጋኑ መቼ ተከፈተ?» ሆነ። ይህን ስትጠይቅ ባለቤቷ ፊቷ ይፈታል፤ ሥራዋን እንደምታከብርላት ታውቃለችና። እውነቱን የምትነግርህ ቤት ደግሞ ደንበኛ የሚሆኑበት ቤት ነው።

ደብረ ብርሃን ተነስቶ አረቄው ካልተነሳ ጉድለት ነው። መጀመሪያ ላይ «ጭስ ጭስ ይላል» እያልኩ ነጥብ እቀንስ ነበር። አንድ ሌሊት አንዷ አረቄ አውጪ ሥራዋን እንዳይ ፈቀደችልኝ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እሳቱ ስር ነበረች። ድፍድፉ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ሲሞቅ መቀየር አለበት፣ እሳቱ መብዛትም ማነስም የለበትም። ዳግም የሚባለው እንደገና የወጣው ነው፤ ድካሙም እጥፍ ነው። ጭሱ ዓይኗን አቅልቶታል። ከዚያ ቀን ወዲህ አረቄ ላይ ዋጋ ተከራክሬ አላውቅም። ከደብተሩም የዋጋውን ዓምድ ሰረዝኩት።

አረቄ ላይ ሁለት ነገር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። በባዶ ሆድ አይጠጣም፣ ከሁለት መለኪያ በኋላ የተጻፈ አስተያየትም አይታመንም፤ እኔ ጠዋት ተነስቼ ነበር የምጽፈው። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ማን እንዳወጣው የማይታወቅ አረቄ አትጠጡ። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል የገባበት መጠጥ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላል። ያወጣችውን ሴት አይታችሁ፣ ከእጇ ግዙ።

ጠጅ ቤት ጥቂት ነው ያገኘሁት። አብዛኞቹ ላይ ስኳር እንጂ ማር አልነበረም። የማር ጠጅ ብርሌውን ወደ አፍንጫ ስታስጠጉት ማሩ ቀድሞ ይመጣል። በጣም ርካሽ ከሆነም ማር ሊሆን አይችልም፤ የማርና የስኳርን ዋጋ ገበያ ወጥታችሁ ማየት ይበቃል።

አንድ ነገር ዘግይቶ ነው የገባኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደብተሩን አንብባ «እኔ እዚህ ገብቼ መቀመጥ እችላለሁ?» አለችኝ። ያላሰብኩት ጥያቄ ነው። ከእሷ ጋር ስምንት ቤቶችን በድጋሚ ዞርን። እኔ ዘጠኝ ነጥብ የሰጠሁት አንዱ ቤት ውስጥ አፍጥጠው ሲያዩዋት ጣሳዋን ሳትጨርስ ወጣን። እኔ በመቀመጫው ያማረርኩበት ሌላ ቤት ደግሞ ባለቤቷ «ነይ የኔ ልጅ፣ እዚህ ከሰሉ ዳር» ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻት። በሰረዝኩት የዋጋ ዓምድ ቦታ «ሴት ተመችቷት መቀመጥ ትችላለች?» የሚለው ገባ።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ደብተሩ ውስጥ 27 ቤቶች ነበሩ። የማንንም ስም አልጻፍኩም፤ አንዳንዶቹ ሴቶች እንዳልጽፍ ነግረውኛል። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ይበቃል። ደብተሩን ለተካኝ ልጅ ሰጠሁት።

በቀጣዩ ጥር ለአንድ ቀን ሥራ ተመለስኩና አመሻሽ ላይ ወደዚያ ሦስት ነጥብ ወደሰጠሁት ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ አገኘችኝ። ተቃቅፈን ከተሳሳምን በኋላ ጣሳ አላነሳችም። «ዛሬ አልቀዳልህም፣ አልቋል። ነገ ነው የምከፍተው» አለችኝ። የአውቶቡስ ትኬቴን ለማግሥቱ ከሰዓት ቀየርኩና አደርኩ።